ዋዜማውን ይዩት፣ በጾሙ ይግዙ

*ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ (9 እና 5 ዓመት) ጋር ነሐሴ 28 አዲስ አበባ እንገባለን፣ ጥር 15 እንመለሳለን። ከአገር ከወጣሁ 17 ዓመት ሆኖኛል። ልጆቼ በዓሉንም ገበያውንም እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ፤ የበግ፣ የቅቤ፣ የበርበሬና የሐበሻ ልብስ ግዢም አለብኝ። ወንድሜ «ገበያ የሚደምቀው በዋዜማ ነው፤ ጳጉሜን 5 መርካቶ ይዣችሁ እወጣና ሁሉንም በአንድ ቀን እንጨርሳለን» ይለኛል። ያዋጣል? ባዛሩስ ይረባል? የትኛውን በዓል የት ሆነን ብናይ ይሻላል?*
*የሁለት ልጆች እናት*

እህታችን፣ ወንድምዎ ገበያው በዋዜማ ይደምቃል ማለቱ ልክ ነው። የሳተው «እንጨርሳለን» ያለው ላይ ነው። በዋዜማ በግ ፊት የቆመ ሰው ሰዓቱን ያያል፤ ነጋዴው ደግሞ ሰውየውን ያያል። ነገ በዓል የሆነበት ገዢ ጥሎ መሄድ አይችልም፤ ጥሎ መሄድ የማይችል ሰው ደግሞ ምን ብሎ ይከራከራል? ስለዚህ የሚገዙበትንና የሚያዩበትን ቀን ይለያዩት። ዋዜማው ለዓይን ይሁን። ግዢው ሰው ገበያውን በረሳበት ሰሞን፣ በተለይም በጾም ወራት ይሁን።

ከሁሉ በፊት ቀኑን ልብ ይበሉ። መስከረም 1 ቀን 2019 ዓርብ ላይ ይውላል። ልደትና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉ ይበላባቸዋል፤ እንቁጣጣሽ ግን ይህ ፈቃድ የለውም። ቤተሰቡ የሚጾም ከሆነ ዶሮውም በጉም የሚቀመሰው ቅዳሜ ነው፤ ዓርብ የሚቀርበው ዳቦ፣ ቡናና የጾም ወጥ ነው። ለእርስዎ ይህ መልካም አጋጣሚ ነው፤ ሽንኩርቱን ለማቁላላት አንድ ሙሉ ቀን ተረፈዎት ማለት ነው።

በጉን እስከ ጳጉሜን 2 ድረስ ይግዙ። ካራ፣ ቄራና አቃቂ የቁም እንስሳት ገበያ አለ፤ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይድረሱ (ሰዓቱን ሁሉ የምንጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው)። መጀመሪያ እጅዎን ከጎድኑ ኋላ ወገቡ ላይ ያሳርፉ። አከርካሪው አንድ በአንድ ከተቆጠረልዎ በጉ ከሲታ ነው፣ ሆዱ የቱንም ያህል ቢከብ። ጨው ልሶ ውሃ የጠጣ በግ ሆዱ ይሞላል፤ ወገቡ ግን አይዋሽም። ቀጥሎ የታች ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ጥርሱን ይዩ። ሁሉም ጥቃቅን የወተት ጥርስ ከሆነ ገና ጠቦት ነው። መሃል ላይ 2 ሰፋፊ ጥርስ ካወጣ ዓመት ተሻግሯል፤ ለጥብስም ለወጥም የሚሆነው ይሄ ነው። 8ቱም ሰፍተው መሸራረፍ ከጀመሩ ለቅቅል ይሁን እንጂ ለጥብስ መንጋጋ ያደክማል። አፍንጫው የሚወርደውን፣ የሚያስለውንና ከጭራው ሥር የቆሸሸውን ይለፉት። 25 ኪሎ የሚመዝን በግ ታርዶ ከ10 እስከ 11 ኪሎ ሥጋ ከነአጥንቱ ይወጣዋል፤ ለስንት ሰው እንደሚበቃ ከዚህ ተነስተው ያስሉ።

ዋጋ መጀመሪያ እርስዎ አይጥሩ። ጠርተው ሻጩ «ውሰጂ» ካለ በኋላ ማፈግፈግ እዚያ ነውር ነው። አጠገብዎ ቆሞ «እኔ ላስማማችሁ» የሚል ሰው ደላላ ነው፤ ከማንም ቢቀበል ክፍያው በመጨረሻ በዋጋው ላይ ይታሰባል። ልጆቹን ለዚህ ቀን ቤት ይተዋቸው፤ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ካመለጣቸው ዋጋው ሌላ ነው። በጉ ቤት ከገባ በኋላ ሳርና ውሃ ይስጡት። ፉርሽካ ከጨመሩ ከትንሽ ይጀምሩ፤ ያልለመደውን በአንዴ ካቀረቡለት ሆዱ ተነፍቶ ከበዓሉ በፊት ሊሞትብዎ ይችላል።

ያረፋችሁት ኮንዶሚኒየም ከሆነ ግን በግ መግዛቱ ይቅርብዎ። የሕንጻውን ጥበቃ ወይም ጎረቤት «ቅርጫ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ጎረቤቶች አንድ በሬ በጋራ ይገዙና በመደብ ይከፋፈሉታል፤ ከሥጋው፣ ከአጥንቱ፣ ከጉበቱ፣ ከጨጓራው በየመደቡ እኩል እኩል ይደረግና ዕጣ ይወጣል። አንድ መደብ ከበዛባችሁ ለሁለት ቤት መግባት ይቻላል። ስም የሚመዘገበው በዓሉ ከመድረሱ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው፤ በዋዜማ የጠየቀ ሰው የሰው መደብ ሲከፋፈል ቆሞ ያያል። ለልጆችዎም ከገበያው ይልቅ ዕጣው ሲጣል ማየቱ ይበልጥ ይጥማቸዋል ብለን እንገምታለን።

ልብሱ ሽሮ ሜዳ ነው፤ ከ6 ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ሱቆቹ ተደርድረዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጊዜው ላይ ነው። ሸማኔው የሚሠራው በእጁ ነው፤ ጥለቱ በሰፋ ቁጥር ቀኑ ይረዝማል፤ ከዚያ ደግሞ ልብስ ሰፊው ጋ ወረፋ አለ። ነሐሴ 28 የገባ ሰው ለእንቁጣጣሽ ልዘዝ ቢል የሚያገኘው በችኮላ የተሰፋ ነው። ስለዚህ ለእንቁጣጣሽ ለልጆቹ የተዘጋጀ ልብስ ይግዙላቸው፤ የራስዎን ቀሚስ ግን በጥቅምት ይዘዙና ለጥምቀት ያድርሱት። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ልብስ ሰፊው ልክዎን በሜትር ቢወስድም፣ ደህና አድርጎ የሚሆንዎትን አንድ ቀሚስ ይዘውለት ይሂዱ።

ጨርቁን ሲያዩ ወደ ብርሃን ያንሱት። የእጅ ፈትል ማግ ያለው ጨርቅ ክሩ አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ከሆነ ክሩ የፋብሪካ ነው። የፋብሪካው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ በእጅ ፈትል ዋጋ እንዳይገዙት ነው። ጥለቱን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ፤ ክሩ ተንዘላዝሎ ከተተወ ለልጅ አይሆንም፣ በጣት ይመዘዛል። ቀይ ወይም ጥቁር ጥለት ካለው ነጭ ሶፍት በውሃ አርጥበው ፈተግ ያድርጉበት። ቀለም ከነካ በመጀመሪያው እጥበት ነጩን ያበላሸዋል። ጥጥ ስለሆነ ይገባል፤ የልጆቹን ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አጥፈው እንዲሰፉት ይንገሯቸው። ጋቢ የሚገዙ ከሆነ ዳሩን ፈልቀቅ አድርገው ድርቡን ይቁጠሩ፣ 4 መሆን አለበት።

ባዛሩ ይረባል ወይ ላሉት፣ ለመዝናናት አዎ፣ ለቁጠባ እምብዛም። የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ባዛር በዓሉ ሳምንታት ሲቀሩት ይከፈታል፤ መግቢያ ይከፈላል፣ ሙዚቃው ጆሮ ያደነቁራል፣ የልጆች መጫወቻ አይጠፋም። በመክፈቻው ቀን የተወሰኑ ድንኳኖች ገና ዕቃ እያወረዱ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት መተላለፊያ የለም። በሥራ ቀን ጠዋት ይሂዱ። የቤት ዕቃ የሚገዙ ከሆነ የመጨረሻዎቹ 2 ቀናት ይሻላሉ፤ ነጋዴው መልሶ ከሚጭነው ቀንሶ ቢሸጠው ይመርጣልና። ኤሌክትሪክ የሚነካ ዕቃ ግን እዚያው ሰክተው ሳያዩ፣ ደረሰኝና የቋሚ ሱቁን አድራሻ ሳይቀበሉ አይውሰዱ። ድንኳኑ ከበዓሉ በኋላ ይነሳል፤ «ዋስትና አለው» ያለዎትም ሰው አብሮት ይነሳል።

አሁን ወደ ዋዜማው። ጳጉሜን 5 ሐሙስ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ልጆቹን ይዘው ይውጡ፤ መርካቶ ሳይሆን ባረፋችሁበት ሰፈር ወዳለው ገበያ፣ ለምሳሌ ሾላ። የሚገዙት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ቄጤማ፣ አደይ አበባና ፈንድሻ። ቄጤማው ሥሩ ነጣ ብሎ እርጥብ የሆነው ዛሬ የታጨደው ነው፤ ቤት ሲደርሱ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያሳድሩትና ጠዋት ይጎዝጉዙት። አደይ ከተቆረጠ ቶሎ ይጠወልጋል፤ ግማሹ ያልፈነዳውን ይምረጡና ወዲያው ውሃ ውስጥ ይክተቱት። ዶሮ እግሩ ታስሮ ተዘቅዝቆ ሲሄድ ልጆቹ ያያሉ፤ የ5 ዓመቷ ወይም የ5 ዓመቱ ገበያ መሃል እንዳያለቅስ ከቤት ሳትወጡ ንገሯቸው። ዝርዝር ብር ከዚሁ ቀን ይዘርዝሩ። ጠዋት ሴቶች ልጆች «አበባዮሽ» እያሉ፣ ወንዶቹ በቀለም የሣሉትን ወረቀት ይዘው በር ያንኳኳሉ፤ ለመጀመሪያው ቡድን 200 ብር ሰጥተው ለአምስተኛው ባዶ እጅ መቅረት ያሳፍራል።

መርካቶን በሌላ ቀን ያሳዩዋቸው፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት፣ በዓል በሌለበት ሳምንት። ዓርብ እኩለ ቀን በአንዋር መስጊድ ዙሪያ በሶላት ሰዓት መንገዱ ይሞላል፤ እሁድ ብዙው ሱቅ ዝግ ነው። መርካቶ በተራ የተከፋፈለ ነው፣ በርበሬ ተራ በርበሬ፣ ሳህን ተራ ሳህን፣ ቆርቆሮ ተራ ቆርቆሮ። በአንድ ጉዞ ከሁለት ተራ በላይ አይያዙ። ምናለሽ ተራ ለልጆቹ የግድ ነው፤ ሌላ ቦታ ቆሻሻ የሚባለው ጎማና ጣሳ እዚያ እንደገና ዕቃ ይሆናል። ተሸካሚ ከያዙ ዋጋውን ቀድመው ይነጋገሩና ከጎኑ ይሂዱ፣ ከኋላው አይደለም፤ ሕዝቡ መሃል ከገባ አያገኙትም። ስልክ በኋላ ኪስ አይቀመጥም።

ደመራ መስከረም 16 ቅዳሜ ነው። መስቀል አደባባይ የሚሠራው ሥርዓት ከሰዓት በኋላ ይካሄዳል፤ ወደዚያ የሚወስዱት መንገዶች ግን ቀደም ብለው ለመኪና ይዘጋሉ፣ ፍተሻም አለ። ክብሪት፣ ላይተር፣ ስለት ያለው ነገር ቦርሳ ውስጥ አይገኝ። የ5 ዓመት ልጅ ይዞ ያን ያህል ሰዓት መቆም አይመከርም። ትልቁን ከአባቱ ጋር ይላኩት፤ ትንሹን ይዘው ማታ የሰፈሩን ደመራ ይጠብቁ። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱን ይደምራል፣ እሳቱም ለልጅ ዓይን ቅርብ ነው፤ ምሰሶው ወዴት እንደሚወድቅ ሽማግሌዎች ሲከራከሩ መስማት ብቻውን መዝናኛ ነው። ጃኬትና ዣንጥላ አይርሱ፤ በደመራ ዕለት ዝናብ ጠብ ማለቱ አይቀርም። ትምህርት ቤት ተመልሰው የሚናገሩት ካሻቸው፣ መስቀል በ2006፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግበዋል።

ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜና እሁድ ኢሬቻ ይከበራል፤ ቅዳሜ በሆራ ፊንፊኔ፣ እሁድ ቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ። ቢሾፍቱን ካሰቡ ቅዳሜ ሄደው እዚያው ይደሩ፤ እሁድ ጠዋት ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ቀኑን መንገድ ላይ ሊያሳልፈው ይችላል። እርጥብ ሳርና አበባ እዚያው ይሸጣል።

በኅዳር አንዱ እሁድ ታላቁ ሩጫ አለ፣ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄድ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ካናቴራው ቶሎ ያልቃል፤ መሮጥ ካሰባችሁ እንደገባችሁ ጠይቁ። የሕፃናት ውድድርም አለው።

ዋናው ግዢ የሚጀመረው ኅዳር 15 ነው። የገና ጾም ሲገባ የቅቤና የእንቁላል ፈላጊ ይቀንሳል፣ ላሟ ግን አትጾምም። ዝናቡ ካለፈ ብዙ ስላልቆየ ሳርም ወተትም አለ። ቅቤ ከኅዳር 20 እስከ ታኅሣሥ 10 ባለው ጊዜ ይግዙ፤ ታኅሣሥ አጋማሽን ካለፈ ዋጋው ለገና መንጠራራት ይጀምራል። ሾላ ገበያ ሲሄዱ ለጋውንና በሳሉን ለይተው ያሽትቱ፤ ለማንጠር መካከለኛው ይሻላል። የሚያታልሉት ሙዝ ወይም የአትክልት ቅቤ በመደባለቅ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሩብ ኪሎ ብቻ ይግዙና ቤትዎ በማንኪያ ያቅልጡት። ሙዝ ከገባበት ከሥር ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይቀራል፣ ሽታውም ጣፋጭ ነው። የአትክልት ቅቤ ግን ዝቃጭ ስለሌለው ሰው ያመልጠዋል፤ ምልክቱ ሽታ ማጣቱና ሲቀዘቅዝ ላንቃ ላይ እንደ ሰም መለጠፉ ነው። ጥሩ ሆኖ ካገኙት በማግስቱ ከዚያችው ሴት ይውሰዱ። 4 ኪሎ ገዝተው ሲያነጥሩ 3 ኪሎ ገደማ ይተርፋል፤ ውሃውና አሬራው ወጥቶ ነው እንጂ አልተሰረቁም።

በርበሬም ጊዜው ይኸው ነው፤ አዲሱ ምርት በኅዳርና በታኅሣሥ ይገባል። የተፈጨ አይግዙ። ቀይ ሸክላ የሚቀላቅል እንዳለ የታወቀ ነው፤ ከተፈጨ በኋላ ደግሞ በዓይን አይለይም። ዛላውን ይግዙ፤ የማረቆ ከሆነ እሰየው። አንዱን ዛላ ጆሮዎ ጋ አቅርበው ያንቀሳቅሱት። ፍሬው ከተንኮሻኮሸ ደርቋል፤ ዝም ካለና ሲያጥፉት ከተለመጠ ክብደት እንዲጨምር ውሃ ተረጭቶበታል። ከጆንያው ሥር 4 ወይም 5 ዛላ አውጥተው ይስበሩ። ውስጡ ጥቁር ወይም ግራጫ አቧራ ካለው ሻጋታ ነው፣ በመቁላላት አይጠፋም፣ ሙሉውን ጆንያ ይተዉት። መቀንጠሱ፣ ማድረቁ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር መደለዙ፣ እንደገና ማስጣቱ ተደምሮ 10 ቀን ያህል ይፈልጋል። ወፍጮ ቤት ገና ሊደርስ ሲል ወረፋው የትየለሌ ስለሆነ ከታኅሣሥ 15 በፊት አስፈጭተው ይጨርሱ።

ሽንኩርት፣ ድንችና ቲማቲም ከእሁድ ገበያ ይሻላል፤ በየክፍለ ከተማው መንገድ ተዘግቶ የሚቆም ነው። 1 ሰዓት ላይ ይድረሱ፤ 4 ሰዓት ሲሆን የቀረው ምርጡ ተለቅሞ ያለቀበት ነው። ሚዛኑን ከተጠራጠሩ ያልተከፈተ የ1 ሊትር ውሃ ይዘው ያስቀምጡበት፤ ከ1 ኪሎ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። ሻጩ ቅር ቢለው ሌላ ሻጭ ሞልቷል።

ገናው ሐሙስ ነው፣ ቤት ውስጥ ይዋልበት። የውጪው በዓል ጥምቀት ነው። ጥር 10 ሰኞ ከሰዓት ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ይወርዳሉ፤ ማክሰኞ ጠዋት ውሃው ተባርኮ ይረጫል፣ እኩለ ቀን ገደማ ይመለሳሉ፤ የሚካኤል ታቦት ግን ረቡዕ ጥር 12 ነው የሚገባው። ልጅ ለያዘ ሰው ምርጡ ይህ ረቡዕ ነው፤ ጭፈራው አለ፣ መገፋፋቱ ቀለል ይላል። ለከተራው ደግሞ በር ላይ ሳይሆን ታቦቱ ከሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ ከበሩ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ሕዝቡ የሚጨናነቀው በሩ ላይ ነው። የልጆቹ ክንድ ላይ በእስክሪብቶ የአባታቸውን የአዲስ አበባ ስልክ ይጻፉ፤ ኔትወርክ ሊጨናነቅ ስለሚችል የመገናኛ ቦታም ቀድመው ይቁረጡ። ጫማ የተዘጋ ይሁን። ሸንኮራ አገዳ ተልጦ ተቆራርጦ ይሸጣል፤ ለልጆቹ ሳይላጥ በቁመቱ ይግዙና ቤት ታጥቦ ይላጥ። ሎሚ ደረትዎ ላይ ከተወረወረ አይቆጡ፤ ወርዋሪው ባለቤትዎን አላያቸው ይሆናል።

ለመመለሻው ሻንጣ፦ በርበሬውን በሁለት ድርብ ላስቲክ አሽገው ልብስ መሃል ያድርጉት፤ አንዱ ከፈነዳ ጋቢው ሁሉ ቀይ ይሆናል። የያዙትን ምግብ በሙሉ አሜሪካ ሲገቡ ለጉምሩክ ያሳውቁ፤ ያላሳወቁት ሲገኝ ቅጣት አለው። ቋንጣ ግን ቢያሳውቁም አይገባም፤ እናትዎ ቋንጥረው ካዘጋጁልዎ ጥር 13 ማታ ቋንጣ ፍርፍር ተሠርቶ ይበላ።